ከኋላዬ ልጅ አለ

(ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። በስልክ ከተቀዳው ላይ እንዳለ ገልብጬዋለሁ። የደጋገምኩትንም አላወጣሁትም።)

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንዴት አረፈዳችሁ?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ የሰፈራችን አባቶችና እናቶች፤ የቅዳሜ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ አትሳቀቁ። ቢጮኹም ይጩኹ፤ የምናወራው ስለነሱ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ስሜን ባታውቁ እንኳ "ያቺ ልጅ በብስክሌት የምታመላልሰው" ስትባሉ ታውቁኛላችሁ። እኔ ነኝ። ነርስ ነኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው። ትንሹ አምስት ሊሞላው ጥቂት ወር ቀርቶታል። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። ልጆቼን በብስክሌት አደርሳለሁ፣ በዚያው ወደ ሥራዬ እቀጥላለሁ፣ ማታ በብስክሌት እመልሳቸዋለሁ።

ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ እንዴት እንደጀመርኩ። ሁለተኛ፣ ልጅ ጭኖ ለመንዳት ምን እንደሚያስፈልግ። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ መንገድ ላይ እያስቆማችሁ የምትጠይቁኝ እሱን ነው። ሦስተኛ፣ ከእናንተ የምፈልገው ነገር አለ። እሱን ሳልናገር አልቀመጥም።

መጀመሪያ ግን እጅ እንድታወጡልኝ ልጠይቅ። ልጁን በኮንትራት ባጃጅ የሚልክ ስንት ነው? ... ብዙ ነው። እሺ፣ ባጃጇ ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚቀመጥ የቆጠረስ? ... አያችሁ።

እኔ ቆጥሬያለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ከልጄ ጋር በር ላይ ቆመን ቆጠርን። ከአንዲት ባጃጅ ዘጠኝ ልጅ ወረደ። ዘጠኝ! ሁለቱ ሾፌሩ ጎን ናቸው። ዳር ያለው ልጅ ግማሽ ሰውነቱ ውጭ ነው፤ ቦርሳው ተንጠልጥሏል። ሾፌሩን ልወቅስ አይደለም። እሱም የልጆቹን ጉሮሮ ሊደፍን ነው የሚሮጠው። ልጆቹን የላክናቸው ግን እኛ ነን። እኔም ልኬያለሁ። ትልቋን አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት እንደዚያ ልኬያታለሁ።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ልግባ።

እኔ ደሴ ነው ያደግሁት። ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል። ባንድ በኩል ጦሳ ተራራ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል። መንገዱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ለብስክሌት የሚሆን ለጥ ያለ ቦታ ብርቅ ነው። የሰፈራችን ወንዶች ሆጤ ሜዳ ላይ ብስክሌት በደቂቃ እየተከራዩ ይማሩ ነበር። እኔ ዳር ቆሜ የወንድሜን ሹራብ እይዝ ነበር። አንድ ቀን ሳንቲም አጠራቅሜ "ተራዬን" አልኩ። "ለሴት አይሆንም" ተባልኩ። ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። እሱም "እውነታቸውን ነው" አለኝ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ነፍሱን ይማረው። ጊዜው እንደዚያ ነበር። እኔ ግን ያንን ሹራብ እስከ ዛሬ እንደያዝኩ ነው የሚሰማኝ።

ስለዚህ ብስክሌት የተማርኩት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እዚሁ ኮምቦልቻ።

2014ን ሁላችንም እናስታውሳለን። ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ወጣ። ወደ ቤታችን ስንመለስ ቤንዚን የለም። ባጃጅ የለም። እኔ ሥራ መግባት ነበረብኝ፤ የታመመ አለ፣ የምትወልድ አለች። ትንሹ ልጄ ያኔ የወራት ሕፃን ነው። ጠዋት አጥብቼው እወጣለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላጠባው እመጣለሁ፣ ተመልሼ እሄዳለሁ። ሁሉም በእግር ነው። እናቶች ታውቁታላችሁ፤ ጡቴ ልብሴን እያረጠበው መንገድ ላይ እሮጥ ነበር። እየሮጥኩ አለቅስ ነበር።

ጎረቤታችን አንድ ጎረምሳ አለ። ያለው ንብረት አንድ ብስክሌት ነው። ብስክሌቷ ያልተወሰደችው ፊተኛው ቸርኬ ተፈትቶ አልጋ ሥር ስለነበረ ነው። አንድ ማታ አጥር ላይ ተደግፎ ስሮጥ አየኝና "እቴ፣ ላስተምርሽ?" አለኝ። "በዚህ ዕድሜዬ?" አልኩት። "አብሽሪ፣ በሳምንት ትይዣታለሽ" አለኝ።

ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ሳይነጋ፣ ሰው ሳይወጣ፣ ሜዳ ላይ። እሱ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል። "ወደ ታች አትዪ፣ ሩቅ እዪ" ይለኛል። በዘጠነኛው ቀን ዞር ስል ጎረምሳው የለም። ለካስ ኮርቻውን ከለቀቀ ቆይቷል፤ ወዲያ ማዶ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። ያን ቀን አርባ ደቂቃ የነበረው መንገዴ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆነ። አሥራ ሁለት ደቂቃ! ልጄ የሚራብበት ሰዓት አጠረ ማለት ነው።

ኋላ ቤንዚኑም መጣ፣ ባጃጁም ተመለሰ። እኔ ግን ወደ ኋላ መመለስ አቃተኝ። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ "ምነው፣ ደመወዟ አይበቃትም እንዴ?" ብላችኋል። ሰምቻለሁ፤ አልተቀየምኩም። ብስክሌት የማጣት ምልክት ነው ብለን ነው ያደግነው። እስቲ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ በፊት ማለት ነው። በዚያ ኦሎምፒክ ከሯጮቹ ጋር ማን ሄደ? ብስክሌተኞች ሄዱ። ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድሩ 24ኛ ሆኖ ገባ። ቡድናችን ዘጠነኛ ወጣ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በታላቁ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ብስክሌት ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ ያደረግነው ሴቷንና ልጁን ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። እስክሪብቶ ያላችሁ ጻፉ፤ ይህ የልጅ ሕይወት ነው።

አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጫንም። ትንሹን ልጄን ዓመት ከመንፈቅ እስኪሆነው ጠብቄዋለሁ። ለምን? የሕፃን ራስ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠናም። ኮብልስቶን ላይ ያንን ንዝረት አይችለውም። በጀርባ አዝሎ መንዳትም አይሆንም፤ ከወደቃችሁ የምትወድቁት እሱ ላይ ነው። አንቀልባችንን እወዳለሁ። ሁለቱንም ልጆቼን አዝያለሁ። ብስክሌት ላይ ግን አንቀልባ የለም። የለም!

ቀጥሎ መቀመጫው። አሁን የምናገረውን በደንብ ስሙኝ፤ ያጠፋሁት ጥፋት ነው።

ትልቋን መጀመሪያ የጫንኳት እንዲያው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ትራስ አስሬ ነው። "እግርሽን ክፈቺ፣ እኔን ያዥኝ" አልኳት። አራት ቀን ደህና ሄድን። በአምስተኛው ቀን፣ ከቤታችን ሁለት መቶ ሜትር ሳንርቅ፣ ብስክሌቷ ቀጥ አለች። እኔ የቆመችው በድንጋይ መስሎኛል። ልጄ ግን አልጮኸችም። "እማዬ፣ ጫማዬ" ብቻ ነው ያለችው። ዞር ስል ተረከዟ ቸርኬው ሽቦ ውስጥ ገብቷል።

ነርስ ነኝ። ስንት ቁስል አይቻለሁ። የዚያን ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብስክሌቷን ወደ ኋላ መግፋት እንኳ ጠፋኝ። አንድ ጋሪ ነጂ ወርዶ ብስክሌቷን አነሳልኝ፣ ቸርኬውን በቀስታ ወደ ኋላ አዞረው፣ እግሯን አወጣልኝ። ነጩ የላስቲክ ጫማዋ ከኋላው በኩል በምላጭ እንደተቆረጠ ሆኗል። ቆዳው ተልጧል። አጥንቱ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን። ያቺን ጫማ አልጣልኳትም። ይኸው ይዣት መጥቻለሁ። ተቀባበሉና እዩዋት። ... አዎ፣ ተረከዙ ጋ።

ይህ አደጋ በኔ ልጅ ብቻ የደረሰ አይምሰላችሁ። በሥራዬ ላይ ደግሜ ደግሜ አይቼዋለሁ። ልጅ ከኋላ ይቀመጣል፣ ይደክመዋል፣ እግሩ ይዝላል፣ ቸርኬው ይስበዋል። "እግርሽን ክፈቺ" የሚባል ምክር ለልጅ አይሠራም። ልጅ ይረሳል። መርሳት ያለበት እሱ ነው፤ መርሳት የሌለብን እኛ ነን። ስለዚህ እግሩ ቢፈልግም ቸርኬው ጋ መድረስ አይችል።

በማግስቱ ብስክሌቷን እየገፋሁ አንድ በያጅ ጋ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። ጫማዋን አሳየኋቸው። ምንም አላሉም። ጫማዋን ይዘው ትንሽ አገላበጧት። ከዚያ ልጅቷን ጠርተው ቁመቷን፣ ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ፣ ወገቧን በሜትር ለኩ። እኔ ልብስ ሰፊ ጋ የሄድኩ መሰለኝ። በቀጭን ቶንዲኖ መደገፊያና የጎን መያዣ ያለው መቀመጫ ሠሩልኝ። እግር ማሳረፊያ በየጎኑ አወጡለት። ቸርኬውን ግራና ቀኝ በላሜራ ሸፈኑት። ሰንሰለቱንም በላሜራ ሸፈኑት፤ "ነጠላሽ ይገባል" አሉኝ። ልክ ነበሩ። እናቶች ስሙኝ፤ ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሰፊ ቀሚስና ጅልባብ ከሰንሰለትና ከቸርኬ ጋር አይስማሙም። እኔ ቀሚሴን ጎን ላይ በመርፌ ቁልፍ እይዘዋለሁ፣ ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ለሰውነትም ለክብርም ይበቃል።

ቀበቶው የመኪና ቀበቶ ነው፤ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ገዛሁት። በሁለቱ ትከሻና በወገብ ይታሰራል። ትከሻ ላይ ያልታሰረ ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው ወደ ጎን ይዘነበላል፤ እናንተም አብራችሁ ትዘነበላላችሁ። ልጅ ብስክሌት ላይ ይተኛል። ከሥራ ስመልሰው ትንሹ ሁሌ ይተኛል። ራሱ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ይታወቀኛል። ያን ጊዜ ዝግ እላለሁ።

መደገፊያው ጀርባ ላይ ሽማግሌው ሳልጠይቃቸው አንድ ነገር ጨመሩ። ክብ ላሜራ በየዱ። "ቀይ ቀለም ቀቢና ጻፊበት" አሉኝ። ምን ልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ "ልጅ አለ" ብዬ ጻፍኩ። ከኋላዬ የሚመጣ ሁሉ የሚያነበው እሱን ነው። ልጅ አለ።

ሌላውን ፈጠን ልበል። ሄልሜት ግዴታ ነው። እዚህ የልጅ ልክ ስላጣሁ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግንባር ከታየ ምንም አይሠራም። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ብቻ ይቅር። አገጭ ሥር አንድ ጣት የሚያስገባ ያህል ይጥበቅ። እናንተም አድርጉ፤ ልጅ የምትሉትን ሳይሆን የምታደርጉትን ነው የሚያደርገው። ፍሬን ሁለቱም መሥራት አለበት፣ የፊቱም የኋላውም። ልጅ ሲጨመር ክብደቱ ይጨምራል፣ ለመቆምም ብዙ ቦታ ይፈልጋል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ቸርኬው ስለሚረጥብ ፍሬኑ ቶሎ አይዝም። በክረምት እኔ አስቀድሜ በቀስታ ያዝ ያዝ አደርገዋለሁ፤ ውሃው ይጠረጋል። የፍሬኑን ላስቲክ በየሳምንቱ እሁድ አያለሁ። ዶፍ ሲወርድ አልነዳም። የቦርከና ወንዝ ሲሞላ የምታውቁት ነው። ያን ቀን በእግርም ቢሆን፣ በባጃጅም ቢሆን፣ ብስክሌቷ ቤት ትውላለች።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ልጅ የሚወድቀው ስትነዱ ብቻ አይደለም። ቆማችሁ ሳለም ይወድቃል። ልጁን መቀመጫው ላይ አስራችሁ፣ ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ፣ "ቦርሳዬን ላምጣ" ስትሉ ይወድቃል። ስለዚህ ልጅ መጨረሻ ይወጣል፣ መጀመሪያ ይወርዳል። ዕቃው፣ ቦርሳው፣ ምሳ ዕቃው ሁሉ ካለቀ በኋላ ልጅ ይወጣል። ስትደርሱ ከሁሉ በፊት ልጅ ይወርዳል። ድገሙልኝ እስቲ። መጨረሻ ይወጣል፣ መጀመሪያ ይወርዳል። ... እንደገና። ... ጎበዞች።

"ደሴስ?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። "ዘመድ ጥየቃ በብስክሌት አትሄዱም?" አለኝ። ወገኖቼ፣ የሐረጎን መንገድ በልጅ አትሞክሩት። ከደሴ እስከዚህ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የምንወርደው። ጥምዝማዛውን፣ ጉሙን፣ ተሳቢውን፣ ሲኖትራኩን ታውቁታላችሁ። በረጅም ቁልቁለት የብስክሌት ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ይከዳል። የሠለጠነ ጎልማሳ ለብቻው ይውረደው፣ ይችላል። ልጅ ይዞ ግን አይሆንም። ደሴ ሚኒባስ አለ። ብስክሌት የሁሉ ነገር መልስ ነው አላልኩም። ለኮምቦልቻ ለጥ ያለ መንገድ፣ ለሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ለጠዋትና ለማታ ነው ያልኩት። አላህ ለጥ ያለ ከተማ ሰጥቶናል፤ ምን እስክንሆን ነው የማንጠቀምበት?

ትልቋ አሁን የራሷን ትነዳለች። ለዚህም ሥርዓት አለን። እሷ በውስጥ በኩል፣ በመንገዱ ጠርዝ ትሄዳለች። እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ሆኜ በውጭ በኩል እሄዳለሁ። መኪና የሚያገኘው መጀመሪያ እኔን ነው። መስቀለኛ ጋ ስንደርስ ሁላችንም እንወርዳለን፣ ገፍተን እንሻገራለን። ቢቸኩሉም ባይቸኩሉም እንወርዳለን። ትልቋ ይህን እንደ አስቀያሚ ልማድ ትቆጥረው ነበር፤ አሁን እሷ ናት "እማዬ ውረጂ" የምትለኝ።

እዚህ ጋ ስለ ደስታው ካልነገርኳችሁ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። እስካሁን ያስፈራራኋችሁ ይመስላል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በቀኔ ውስጥ ከልጆቼ ጋር ያለኝ ምርጥ ጊዜ ያቺ ሃያ ደቂቃ ናት። ቤት ውስጥ ምግብ አለ፣ ልብስ አለ፣ ስልክ አለ። ብስክሌት ላይ እኛ ብቻ ነን። ትንሹ ከኋላዬ ሆኖ ያየውን ሁሉ ይነግረኛል። "እማዬ፣ ያቺ አህያ ትናንትም እዚህ ነበረች።" "እማዬ፣ እማማ ዛሬ በር ላይ የሉም፣ አሟቸው ይሆን?" እውነቱን ነበር፤ አሟቸው ነበር። ማታ ሄደን ጠየቅናቸው። ከባጃጅ ውስጥ ሆኖ ይህን ያይ ነበር?

እኚያ እማማ መጀመሪያ ሰሞን ሳልፍ "ኧረ ልጆቹን ልትፈጂያቸው ነው!" ብለው ይጮኹብኝ ነበር። አሁን ከበራቸው ላይ ዱአ ያደርጉልናል። በጾም ሰሞን ቂጣ፣ በአረፋ ደግሞ ለልጆቹ ከረሜላ ይዘው ይጠብቁናል። የሁለቱንም በዓል ያከብራሉ፤ ወሎ ነና።

አንድ ጠዋት ድልድዩ ላይ ቆም ብለን ሳለ ትንሹ "ቦርከና የት ነው የሚሄደው?" አለኝ። "አዋሽ ይገባል" አልኩት። "አዋሽስ?" "አዋሽ ወደ አፋር ይሄዳል።" "ከዚያ ባሕር ይገባል?" "አይገባም፤ አቤ የሚባል ሐይቅ ላይ ይቀራል" አልኩት። ዝም አለ። ትምህርት ቤት ልንደርስ ስንል "እማዬ፣ ደክሞት ነው?" አለኝ። ይህን ጥያቄ በምን እቀይረዋለሁ? ይህን ለማን የኮንትራት ክፍያ ከፍዬ አሳልፌ እሰጣለሁ?

እሺ። ሦስተኛው። የመጣሁበት።

እኔ መቀመጫ ላሠራ እችላለሁ። ሄልሜት ልገዛ እችላለሁ። ፍሬኔን ላጠብቅ እችላለሁ። ከኋላዬ የሚመጣውን መኪና ግን ላጠብቀው አልችልም። እሱ የእናንተ ነው።

ሆላንድ የምትባለዋን አገር ሰምታችኋል። እዚያ ብዙ ልጅ በብስክሌት ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። ሲፈጠሩ ጀምሮ እንደዚህ የነበሩ ይመስለን ይሆናል፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 በዚያች ትንሽ አገር ከ3000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞተ። ከነሱ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ልጁን መኪና የገደለበት ቪክ ላንገንሆፍ የሚባል ጋዜጠኛ ብዕሩን አነሳ። ወላጆች ተሰበሰቡ። "የሕፃናት ግድያ ይቁም" ብለው መንገድ ላይ ወጡ። ከልጆቻቸው ጋር አስፋልት ላይ ተቀመጡ። መንገዳቸው የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ማን ለወጠው? እንደኛ ያለ የወላጅ ስብሰባ ነው የጀመረው። እንደዛሬው ያለ ስብሰባ!

የኛም አገር ወረቀት አላት። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥታለች፤ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ "መንገድ ለሰው" ተብሎ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ለግማሽ ቀን መንገድ ለመኪና ተዘጋ። መንገዱን ማን ሞላው? ልጅ ሞላው። ልጆች መጫወቻ አጥተው እንጂ ጠልተው ቤት እንዳልዋሉ ያን ቀን ታየ።

እኔ ግማሽ ቀን አልጠይቅም። ግማሽ ሰዓት ነው የምጠይቀው። ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡00 የትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ባጃጅም መኪናም አይቁም። ልጆቹን ከበሩ መቶ ሜትር ርቆ ያውርድ። መቶ ሜትር ለልጅ እግር ምንም አይደለም። አሁን ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም ልጁን በሩ አፍ ላይ ለማውረድ ሲል ሁሉም የሌላውን ልጅ ይጋፋል። ባለፈው ወር አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ የትልቋን ብስክሌት ገጭቶ ጣላት። ጉልበቷ ተላጠ፤ ሌላ ምንም አልሆነችም። ሰውየው ወርዶ አለቀሰ። የራሱን ልጅ ሊያደርስ ነበር የመጣው። እሱ ክፉ ነው? አይደለም። ቦታው ነው የማይችለው።

ሾፌሮች፣ እዚህ ያላችሁ፣ ወንድሞቼ፤ እናንተን ደግሞ በግል ልለምናችሁ። ስትቀድሙኝ አንድ ሜትር ተኩል ተዉልኝ። ልክ ከኋላዬ ስትደርሱ ክላክስ አታድርጉ፤ ልጁ ይደነግጣል፣ ልጁ ሲደነግጥ ብስክሌቷ ትወላገዳለች። ስታዩኝ ዝግ በሉ። በ60 የሚነዳ መኪና ፍሬን ይዞ ለመቆም በ30 ከሚነዳው አራት እጥፍ ርቀት ይፈልጋል። እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ስቶክሆልም ላይ የዓለም አገሮች የትራፊክ ኃላፊዎች ተሰብስበው ሰውና መኪና በሚደባለቅበት መንገድ ፍጥነት ከ30 አይብለጥ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ግራና ቀኝ 30 ይበቃችኋል። የምታጡት ግማሽ ደቂቃ ነው።

ባለሱቆችም አላችሁ። የብስክሌት መስመር በየከተማው መቀባት ተጀምሯል። እኛ ጋ በደረሰ ጊዜ ጆንያ አትደርድሩበት። መኪና አታቁሙበት። ያ መስመር ሲዘጋ ልጄ ወደ አስፋልቱ መሃል መውጣት አለባት።

ርዕሰ መምህራችን፣ እርስዎን ደግሞ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ከግቢው ጥግ ያቺን ባዶ ቦታ ለብስክሌት ማቆሚያ ይስጡን። ብረቱን በያጁ ሽማግሌ በነፃ እሠራለሁ ብለዋል። ቶንዲኖውን እኛ እናዋጣለን። ... (ጭብጨባ) ... አመሰግናለሁ። ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ "እሺ" ብለዋል!

ልጨርስ ነው። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ አምስት ቤተሰብ ሆነን ሰኞ ሰኞ አብረን እንነዳለን። አንድ ለብቻው ሲሄድ ሾፌር አያየውም። አሥራ አንድ ሆነን በአንድ መስመር ስንሄድ ግን ያየናል። ፊት አንድ አዋቂ፣ መሃል ልጆች፣ ኋላ አንድ አዋቂ። ኋላ የምሆነው እኔ ነኝ፤ "ልጅ አለ" የሚለው ጽሑፍ ያለው የኔ ጀርባ ላይ ስለሆነ። ብስክሌት የሌለው በእግሩ ይምጣ፣ ከልጆቹ ጎን ይራመድ፤ በዝግታ ነው የምንሄደው። ብስክሌት መንዳት የማትችል እናት ካለችም እሁድ ከማለዳው ሜዳው ላይ ነኝ። ኮርቻውን ይዤ እሮጣለሁ። ያስተማረኝ ጎረምሳም ይመጣል። ሁለት እናቶች ጀምረዋል። አንደኛዋ እዚሁ ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ስሟን አልጠራም፣ ታፍራለች፤ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትወድቅ ሜዳውን ዞራለች።

ከነገ ወዲያ ሰኞ ነው። 1፡10 ላይ ከድልድዩ ወዲህ፣ ከዛፉ ሥር እንገናኛለን። 1፡15 እንነሳለን። ጫማዋን የያዘ ሰው ወደ ፊት ያሳልፍልኝ፤ እሷን ይዤ ነው የምመለሰው።

አመሰግናለሁ።